የኪስ ባትሪ ሲገዛ ከሉመኑ በፊት ድንጋዩ ይታይ

ከሙከጡሪ ተነስቶ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ለሚን አለፍ እንዳለ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ በሌሊት ጎማ የፈነዳበት ሾፌር፣ ለማኅሌት በውድቅት የሚነሳ መሪጌታ፣ በበረቱ አካባቢ ጅብ የሰማ ገበሬ፣ ምጥ ወደ ያዛት እናት የምትጣደፍ የጤና ባለሙያ፣ ሁሉም እጃቸውን የሚሰዱት ወደ አንድ ዕቃ ነው። ያ ዕቃ ሲጫኑት አልበራም ካለ የሚከተለው ጉዳት ከዕቃው ዋጋ ጋር አይመዛዘንም።

በእንሳሮ ወረዳ የምትገኘው ለሚ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሌሊት ሠራተኛ የበዛባት ከተማ ሆናለች። ኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና የቻይናው ዌስት ኢንተርናሽናል ሆልዲንግ በሽርክና በ600 ሚሊዮን ዶላር ያቋቋሙት የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቋል። በቀን እስከ 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ በባሕርዩ ሌሊት አይተኛም፤ የክሊንከር ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ሥራው በፈረቃ ይቀጥላል። ፈረቃ ባለበት ደግሞ ጥበቃ አለ፣ መካኒክ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ሁሉም የባትሪ ደንበኞች ናቸው።

ሸቀጡ ከሞላ ጎደል ከቻይና የሚገባ፣ በመርካቶ ጅምላ ሻጮች እጅ አልፎ ወደ ገጠር ከተሞች የሚሠራጭ ነው። በመሆኑም ዋጋው ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ርካሹን ገዝቶ፣ ሲበላሽ ጥሎ፣ ሌላ ርካሽ መግዛት ድሮም ኪሳራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ኪሳራው አይን ያወጣ ሆኗል። ስለዚህ በአንድ መደብ ላይ ተደርድረው መልካቸው የሚመሳሰል፣ ዋጋቸው ግን ሦስትና አራት እጥፍ የሚራራቅ ባትሪዎች በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ለገዥውም ለሻጩም ይበጃል።

ከአምፖል ወደ ኤልኢዲ

በአማርኛ ‹‹ባትሪ›› የሚባለው መብራቱ ራሱ ነው። ኃይል የሚሰጠው ‹‹ድንጋይ›› ይባላል። በሌላው ዓለም ባትሪ የሚባለው ድንጋዩ ነውና ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስልክ ሰው ይህን ልዩነት ካላስታወሰ መብራት ጠይቆ ድንጋይ ሊላክለት ይችላል።

በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መብራት በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ የፈጠራው ባለቤት ዴቪድ ሚዜል የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ያኔ ድንጋዩም አምፖሉም ደካማ ስለነበሩ ባትሪው ብልጭ አድርገው የሚያጠፉት እንጂ አብርተው የሚጓዙበት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ መቶ ዓመት ያህል ነገሠ። ድክመቱ ግን አልለቀቀውም፤ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ለውጡ የመጣው ከጃፓን ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ብቁ ኤልኢዲ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሰማያዊው ለምን ይህን ያህል ተፈለገ ቢባል፣ ነጭ ብርሃን የሚገኘው በሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት በመለበጥ ስለሆነ ነው። ባትሪው ጠፍቶ ሳለ በመስታወቱ መሐል የምትታየው ቢጫ ነጥብ ይህችው ዱቄት ናት።

የድሮው የባትሪ አምፖል ለአንድ ዋት ኃይል 10 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጥ ነበር። የዛሬ ደህና ኤልኢዲ ከ100 በላይ ይሰጣል። በሂሳቡ መሠረት ያው ድንጋይ አሥር እጥፍ መቆየት ነበረበት። ሸማቹ ‹‹እኔ ያን አላየሁም›› ቢል ግን አይፈረድበትም። በኬንያ ሦስት ከተሞች የኤልኢዲ ባትሪ ተጠቃሚዎችን ለስድስት ወራት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ከተጠያቂዎቹ ዘጠና በመቶ የሚጠጉት በዚያ ጊዜ ውስጥ በባትሪያቸው ላይ ችግር እንደደረሰባቸው አመልክቷል። ጥፋቱ የኤልኢዲው አይደለም። ኤልኢዲው በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ሺህ ሰዓት ያበራል። የሚሞተው በዙሪያው ያለው ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሽቦው፣ ሞላው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንጋዩ።

ሉመን የሚባለው ቁጥር

ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሉመን መጠን ነው። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ልክ ነው። ለማነጻጸር ያህል ኩራዝ የሚሰጠው 10 ሉመን እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ የድሮው ባለ 60 ዋት የቤት አምፖል ከ700 እስከ 800 ሉመን ይሰጣል። ከቤት ወጥቶ ወደ ጓሮ ለመሄድ፣ ቁልፍ ለመፈለግ፣ ደብተር ለማንበብ ከ5 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። በገጠር መንገድ ለመጓዝ ከ50 እስከ 100 ሉመን ካለ ደህና ነው። ጅብ ከሩቅ ለመለየት ወይም ገደል አፋፍ ላይ የቆመ መኪና ለማየት ከዚያ በላይ ቢኖር አይጠላም።

ታዲያ መዳፍ የምትሞላ ባትሪ ላይ ‹‹10,000 ሉመን›› ተብሎ ሲጻፍ ምን ይባላል? ቁጥሩን መርምሮ መጣል ከባድ አይደለም። በአንድ ዋት 100 ሉመን ቢወጣ፣ 10,000 ሉመን 100 ዋት ይፈልጋል። መቶ ዋት በዚያች ትንሽ ብረት ውስጥ ቢያልፍ ከቆርቆሮ መበየጃ ካውያ ይበልጥ ይግል ነበር፤ በእጅ አይያዝም። ደጋግ አምራቾች እንኳ ኪስ በሚገባ ባትሪ ላይ 1,000 ሉመን ብለው ሲጽፉ ያ ብርሃን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያም በሙቀት ምክንያት ራሱን ዝቅ እንደሚያደርግ በመመሪያው ላይ ይገልጻሉ።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ዓይን ብርሃንን በቁጥር ልክ አይቆጥርም። ከ100 ወደ 200 ሉመን ሲኬድ ብርሃኑ እጥፍ የሆነ አይመስልም፤ ዓይን እጥፍ ሆነ እንዲል ወደ 400 መጠጋት አለበት። ድንጋዩ ግን በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ለዚህ ነው በአንድ ባትሪ ላይ ከትልቁ ብርሃን ይልቅ ትንሹ ብርሃን መኖሩ የሚያስደስተው። ባለ አንድ ደረጃ ባትሪ ሌሊቱን በሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ያበራና ገና ሳይነጋ ያልቃል።

ሉመን ስለ ርቀትም አይናገርም። አንድ ዓይነት ብርሃን በሰፊው ቢበተን ቅርብን ያሳያል፣ በጠባቡ ቢሰበሰብ ሩቅ ይደርሳል። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ የአሜሪካ አምራቾች በተስማሙበት መለኪያ ‹‹ርቀት›› የሚባለው ብርሃኑ የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ ማለትም ሩብ ሉክስ፣ እስኪቀንስ ድረስ የሚሄደው ሜትር ነው። በዚሁ መለኪያ ‹‹የሚቆይበት ሰዓት›› የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እስኪሆን ድረስ ነው። እንግዲህ ‹‹20 ሰዓት ያበራል›› የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው፣ ከሃያው ሰዓት የመጨረሻዎቹ አሥሩ ጭል ጭል የሚሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ማወቅ አለበት።

ሦስት ድንጋይ ከአንድ ድንጋይ አይበልጥም

በየሱቁ በብዛት የሚታየው ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ጥቃቅን ኤልኢዲ በአንድ ሳህን ላይ የተደረደረበት፣ ሦስት የሪሞት ድንጋይ የሚጎርስ አጭር ባትሪ ነው። የኤልኢዲው ብዛት ገዥን ይስባል። ይሁንና ከአንድ ደህና ኤልኢዲ ዘጠኝ ደካማ ኤልኢዲ አይሻልም።

ለምን ሦስት ድንጋይ ሆነ? ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ድንጋይ የሚሰጠው 1.5 ቮልት ነው። ሁለት ድንጋይ ገና አዲስ ሳሉ ብቻ ስለሚያበቁ አምራቹ ሦስተኛ ጨምሮ 4.5 ቮልት ያደርገዋል። በመሐሉ የሚቆጣጠር መሣሪያ የለም። ስለዚህ ድንጋዩ አዲስ ሲሆን ኤልኢዲው ከመጠን በላይ ይነዳል፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲደክም ብርሃኑ ወዲያው ያሽቆለቁላል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ 1 ቮልት አካባቢ ሲደርስ፣ ገና ኃይል እያለው፣ ባትሪው አለቀ ይባልና ሦስቱም ይጣላሉ። ባለቤቱ የተጣለውን ድንጋይ ግድግዳ ሰዓት ውስጥ ቢከተው ወራት ሊያስቆጥር ይችላል።

ባለ አንድ ድንጋይ የብረት ባትሪ ግን ውስጡ ቮልት የሚያሳድግ ትንሽ ሰርኪዩት አለው። ከአንዲት የራዲዮ ድንጋይ 1.5 ቮልት ተቀብሎ ለኤልኢዲው የሚበቃውን ይሰጣል፤ ድንጋዩ ከ1 ቮልት በታች እስኪወርድም ያጠባዋል። አንድ አልካላይን የራዲዮ ድንጋይ የያዘው ኃይል ከሦስት ተራ የሪሞት ድንጋዮች ድምር አያንስም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ለሂሳብ ያህል እንዲህ ይታሰብ። ባለ ሦስቱ 200 ብር፣ ባለ አንዱ 600 ብር ይሁን። ሦስት ተራ ድንጋይ 60 ብር ተገዝቶ ደህና ብርሃን ሦስት ሰዓት ቢሰጥ፣ አንዱ አልካላይን በ50 ብር ተገዝቶ በ20 ሉመን አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሰጥ፣ በየሌሊቱ ግማሽ ሰዓት የሚያበራ ሰው በወር 15 ሰዓት ይጠቀማል። የመጀመሪያው ሰው በወር 300 ብር፣ ሁለተኛው 65 ብር ገደማ ለድንጋይ ያወጣል። በመግዣ ዋጋ የነበረው የ400 ብር ልዩነት ሁለት ወር ሳይሞላ ይካካሳል። ዋጋው እንደየሱቁ ይለያያልና ቁጥሮቹን በራስ ገበያ ተክቶ ማስላት ነው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ስለ ድንጋይ ከተነሳ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልማዱ ከንቱ አይደለም። ተራው ድንጋይ ሲያርፍና ሲሞቅ በውስጡ የተጠራቀመው የኬሚካል መዘጋት በከፊል ስለሚለቅ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራል። ችግሩ፣ ያረጀ ድንጋይ ቅርፊቱ ዚንክ ነው፤ ሲበላ ይሳሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ፈሳሹን ያወጣና ሞላውን ያዝጋል። የአንድ ድንጋይ ዋጋ ለማዳን ባትሪውን ማጣት ይመጣል። አልካላይኑም ቢሆን ባትሪ ውስጥ ተረስቶ ከከረመ ይፈስሳል። ባትሪውን ለወራት የማይጠቀምበት ሰው ድንጋዩን አውጥቶ ያስቀምጥ። በብርድ ወራት ሌሊት ለጥበቃ የሚቆም ሰው ደግሞ ባትሪውን ከጋቢው ውስጥ ቢያደርገው ድንጋዩ ይበልጥ ይሠራለታል። ብርድ ተራ ድንጋይን ያዳክማልና።

ግድግዳ ላይ የሚሰካው

ሁለተኛው ብዙ ገዥ ያለው ዓይነት ከኋላው የሶኬት ጥርስ ብቅ የሚልለት፣ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረገው የፕላስቲክ ባትሪ ነው። ድንጋይ አይገዛለትም፣ ርካሽ ነው፣ ብርሃኑም መጀመሪያ ላይ ያጠግባል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በውስጣቸው የያዙት ባለ 4 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም ማለት ይቻላል። የመኪና ባትሪን ጠባይ የሚያውቅ ሾፌር ይህንንም ያውቀዋል፤ ባዶውን ካስቀመጡት ይሞታል። ኃይሉ አልቆ ለሳምንታት ሲቆይ በእርሳሱ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይደነድንና ከዚያ በኋላ ቢሰኩት አይቀበልም። መርካቶ መጋዘን ውስጥ፣ ከዚያ በገጠር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት የተቀመጠ ባትሪ ገዥው እጅ ሲገባ ግማሽ ሕይወቱን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ‹‹አዲስ ገዝቼ በወሩ ሞተ›› የሚለው ስሞታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በተገዛበት ዕለት ቻርጅ ማድረግ፤ ጥቂት ብቻ ቢጠቀሙበትም በማግስቱ መልሶ መሰካት፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ በየወሩ ማስታወስ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ማደር የለበትም። በርካሾቹ ውስጥ ሲሞላ የሚያቋርጥ ነገር ስለሌለ ያብጣል፣ ውሃውንም ያደርቃል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ የደህንነት ጉዳይ አለ። የርካሾቹ ቻርጀር ትራንስፎርመር የለውም፤ የግድግዳው 220 ቮልት በአንዲት ካፓሲተር ብቻ ተቀንሶ ቀጥታ ይገባል። ይህም ማለት ባትሪው በተሰካበት ጊዜ የውስጡ ብረት ሁሉ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ነው። ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም መስታወቱ የወለቀ ባትሪ ተሰክቶ ሳለ መንካት፣ ማብራት፣ ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው። ይህን የሚነግር ሻጭ ደንበኛ አያጣም።

ሊትየም፣ እውነተኛውና ሐሰተኛው

በአሁኑ ጊዜ ፊቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተሳበ ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋ ‹‹ዙም›› ባትሪ ተወዳጅ ሆኗል። ይህና መሰሎቹ የሚሠሩት በሊትየም ድንጋይ ነው። በብዛት የሚገኘው 18650 የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ ልኩ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ከእርሳሱ ይልቅ ቀላል ነው፣ ብዙ ኃይል ይይዛል፣ ባዶውን ቢቀመጥም እንደ እርሳሱ ቶሎ አይደነድንም። በአግባቡ ከተሠራ ለኪስ ባትሪ ከዚህ የተሻለ ኃይል የለም። እውነተኛ 2,600 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው አንድ ድንጋይ 100 ሉመን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ሊያበራ ይችላል።

‹‹በአግባቡ ከተሠራ›› የሚለው ላይ ነው ነገሩ። የዚህ ልክ ድንጋይ በዓለም ላይ ከታወቁት አምራቾች እጅ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ አዳዲሶቹ ምርጦች ወደ 4,000 ይጠጋሉ። በየገበያው ግን 6,800፣ 9,800 ከዚያም በላይ የተጻፈባቸው አሉ። እነዚህ ቁጥሮች ሐሰት ናቸው። ተቀደው ሲታዩ በውስጣቸው ትንሽ ድንጋይ ብቻ ይዘው የቀረው ክፍል አሸዋ ወይም ዱቄት የሆነባቸው ተገኝተዋል። አንዳንዱም ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትቶ አዲስ ልባስ የለበሰ ነው።

መለያው ሚዛን ነው። እውነተኛ 18650 ድንጋይ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 30 ግራም የማይሞላ ከሆነ ይጠርጠር። ወርቅ ቤት ወይም ቅመም ቤት ባለ ትንሽ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። በአሸዋ የከበደውን ደግሞ ሚዛኑ አያጋልጠውም። ለእርሱ ያለው ፈተና ጊዜ ነው፤ ሞልቶ፣ አብርቶ፣ ሰዓት መያዝ። በትልቁ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሚደክም ባለ ‹‹9,800›› ድንጋይ ራሱን ያጋለጠ ነው።

ሊትየም ሲቆጣ እሳት ነው። ያበጠ፣ ልባሱ የተቀደደ፣ ወድቆ የተጨረመተ ድንጋይ ቻርጅ አይደረግም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ መያዝ፣ ከቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ መጣል፣ እነዚህ ሁሉ ጉዳት አላቸው። ለብዙ ሰው የሚመረጠው ድንጋዩ በውስጡ ሆኖ በስልክ ቻርጀር የሚሞላው ዓይነት ነው፤ የስልኩ ገመድ ለሁለቱም ያገለግላል፣ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ሶላር ወይም በመኪና ይሞላል።

ስልክ እያለ ባትሪ ለምን?

ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1100 የተባለ ስልክ በአናቱ ላይ ትንሽ መብራት ነበረው፤ በዓለም ከሩብ ቢሊዮን በላይ ሲሸጥ ያች መብራት የራሷ ድርሻ ነበራት። ዛሬም ባለ ቁልፉ ቴክኖና አይቴል ሲገዛ ‹‹ባትሪ አለው ወይ?›› ተብሎ ይጠየቃል። ለቤትና ለጓሮ ይበቃል፣ የተለየ ወጪም የለውም።

ጉዳቱ የሚታየው ሲቸግር ነው። የስልክ መብራት ሩቅ አያሳይም፣ ዝናብ አይወድም፣ ከእጅ ቢወድቅ ኪሳራው ትልቅ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን መብራቱና መደወያው ከአንድ ድንጋይ መጠጣታቸው ነው። መኪናው ሸለቆ ውስጥ የተበላሸበት ሰው ስልኩን ለሁለት ሰዓት አብርቶ ቢጨርሰው፣ ለእርዳታ የሚደውልበት አይኖረውም። ለመጠባበቂያ እንጂ ለዋናነት አይሆንም።

ለፋብሪካና ለመኪና ሰው

የሲሚንቶ አቧራ ለባትሪ ጠላት ነው። በማብሪያው ጎንና በክሩ ገብቶ ከላብና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ይጋገራል። በደህና ባትሪ ላይ ‹‹አይፒ›› ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይገኛል። የመጀመሪያው ስለ አቧራ ነው፤ 6 ከሆነ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው፤ 4 ከሆነ ፍንጣሪ ይችላል፣ 7 ከሆነ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። በመጀመሪያው ቁጥር ቦታ ኤክስ ካለ ለአቧራ አልተፈተነም ማለት ነው። ለሲሚንቶ ሠራተኛ ከውሃው ይልቅ ያ የመጀመሪያው ቁጥር ይበልጥበታል። ለመካኒክና ለሾፌር ደግሞ ከእጅ ባትሪ የግንባር ባትሪ ይሻላል። ጎማ በሁለት እጅ ነው የሚፈታው፤ ባትሪውን በጥርስ መያዝ የቆየ ሥቃይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በተለይ መታወቅ አለበት። ምድጃቸውን በድንጋይ ከሰል በሚያነዱ ፋብሪካዎች የከሰል መፍጫና ማከማቻ ክፍል ውስጥ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ የከሰል ብናኝ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ባለው ቦታ የሚፈቀደው ፍንዳታ እንዳያስነሳ ሆኖ የተሠራና ምልክቱ በላዩ ያለበት ባትሪ ብቻ ነው። ከሱቅ የተገዛ ባትሪ፣ ስልክም ጭምር፣ በር ላይ መቅረት አለበት። ይህ የዋጋ ጉዳይ አይደለም።

ከመክፈል በፊት

ሻጭ ፊት የሚደረግ ፈተና ብዙ ጊዜ አይወስድም። ማብሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ማብራትና ማጥፋት፣ አብርቶ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ፤ ብርሃኑ ከተንቀጠቀጠ ሞላው ወይም ብየዳው ደካማ ነው። ጭራውን ፈትቶ የጎማ ቀለበት መኖሩን፣ ክሩ አለመበላቱን ማየት። ብርሃኑን በስልክ ካሜራ ማየት፤ ጥቁር መስመሮች ከተመላለሱበት ብርሃኑ እየተቆራረጠ ነው፣ ለረጅም ንባብ ዓይን ያደክማል። ነጭ ግድግዳ ላይ ማብራት፤ በጣም ሰማያዊ ከሆነ ቀለም ያሳስታል፣ ደምና ጭቃ አይለይም፣ ነጭና ሠርገኛ ጤፍ ያመሳስላል። ለጤና ባለሙያና ለእህል ነጋዴ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደረሰኝም ይጠየቅ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ የቃል ብቻ ይሆናል። ለዚህም ነው ባትሪ በተገዛበት በመጀመሪያው ሳምንት በርትቶ መፈተን የሚገባው፤ ሞልቶ እስኪያልቅ አብርቶ ሰዓቱን መመዝገብ በቂ ነው።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ያለው ሰው በየገጠሩ ሱቅ የማይገኙትን፣ እንደ ማግላይት፣ ፌኒክስና ናይትኮር ያሉትን ሊያስልክ ይችላል። ሲያስልክ ግን ሁለት ነገር ይበል። አንደኛ፣ የራዲዮ ድንጋይ የሚጎርሰውን ወይም በስልክ ገመድ የሚሞላውን ይምረጡ፤ ልዩ ድንጋይና ልዩ ቻርጀር የሚፈልግ ባትሪ ድንጋዩ ያለቀ ዕለት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ትርፍ የሊትየም ድንጋይ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠቅልሎ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ትርፍ ድንጋይ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይወጣና ባትሪው ባዶውን ለሚ ይደርሳል።